ቪዲዮው ዞረ፣ ውኃው ግን አልመጣም

ጀሪካን ተሸካሚ | ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት።

የአንድ ሠፈር ወጣቶች ነን። ከተማዋን አልጠራም። የውኃ ጽሕፈት ቤቱ አንድ ብቻ ስለሆነ ስሟን ከጠራሁ ሰዎቹንም ጠራኋቸው ማለት ነው። አማራ ክልል፣ ዳገት ላይ ያለ ሠፈር ብላችሁ ያዙት።

ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ፈረቃው ወረቀት ላይ አለ፣ ቧንቧው ላይ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። አንዳንዴ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ብቅ ይልና ነቅቶ የሚጠብቅ ከሌለ ያልፋል። እናቶች ተራ ይዘው ያድራሉ። ይህንን ቀርጸን ቲክቶክ ላይ ለቀቅነው። አንዲት የሠፈራችን እናት ጀሪካኗን ታቅፋ፣ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ፣ እንደወትሮዋ እየቀለደች ትናገራለች። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ሙዚቃ እንኳ አልጨመርንበትም።

ቪዲዮው ዞረ። ከዱባይ፣ ከዴንቨር፣ ከቴል አቪቭ ኮመንት ጎረፈ። ሳምንት ሳይሞላ ቦቴ መጣ። ኃላፊዎች ቦቴው አጠገብ ቆመው ፎቶ ተነሡ፤ ፌስቡክ ገጻቸው ላይም ወጣ። ቦቴው ጥቂት ተመላለሰና ቀረ። ፈረቃው ያው ነው። ይባስ ብሎ ያቺን እናት ቀበሌ ጠርቶ «የከተማዋን ገጽታ አበላሸሽ» ብሏታል።

አሁን እኛም ለሁለት ተከፈልን። ግማሹ «ከዚህ የባሰ የሚያም ቪዲዮ እንሥራ፣ ስም እየጠራን» ይላል። ግማሹ «ይብቃን፣ ሰው እናስጎዳለን» ባይ ነው። በስልክ የተጀመረ ነገር የእውነት ለውጥ ሲያመጣ ያየ ሰው አለ? ካለ ይንገረን። ፖለቲካ ውስጥ ግን አታስገቡን፣ እባካችሁ።


ምናገባኝ | ማክሰኞ ማታ

ቦቴው የመጣው ለካሜራው ነው። ካሜራው ሲሄድ አብሮ ሄደ።


የቤይሩቷ | ማክሰኞ፣ እኩለ ሌሊት

ወንድሜ፣ ቤይሩት ሰው ቤት ሠርቼ ኖሬአለሁ። አሁን አዲስ አበባ ነኝ። ጥያቄህ የኛም ጥያቄ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 አንዲት እህታችን ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ስትጎተትና በግድ መኪና ውስጥ ስትከተት የሚያሳይ ቪዲዮ በቴሌቪዥን ወጣ። ዓለም አየው። ቀናት ሳይቆይ ሕይወቷ አለፈ። ያላለቀሰ የለም። ካፋላው ግን አልተነቃነቀም። ካፋላን ለማታውቁ፦ የመኖሪያ ፈቃድሽ በአሠሪሽ እጅ ነው። ቤቱን ጥለሽ ከወጣሽ ያኔውኑ ሕገወጥ ነሽ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ ከሕጉ ውጭ አድርጓታል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የአገሩ ገንዘብ ሲወድቅና ኮሮና ሲመጣ አሠሪዎች ሠራተኛ ልጆቹን ከነሻንጣቸው እያመጡ ቆንስላው በር ላይ ጣሏቸው። አስፋልት ላይ የተኙት ልጆች በገዛ ስልካቸው ራሳቸውን ቀረጹ። ይሄኛው ከመጀመሪያው በምን ተለየ ብትሉኝ፣ ቪዲዮውን ተቀብሎ የሚሠራበት ሰው ነበረ። «እኛ ለኛ በስደት» የሚባል ማኅበር ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 እዚያው በነበሩ ኢትዮጵያውያን ቤት ሠራተኞች የተቋቋመ። ምግብ ያድላል፣ ማደሪያ ይፈልጋል፣ ለአገር ቤት ትኬት ይሯሯጣል። ቪዲዮ ያየ ሰው «ታዲያ ምን ላድርግ?» ሲል መልስ ያገኛል።

እኛ ደግሞ በየዋትስአፑ ግሩፕ ዝርዝር እንይዝ ነበር። ማን ናት? ፓስፖርቷ ማን እጅ ነው? የስንት ወር ደሞዝ ቀረባት? መጻፍ የማትችለው በድምፅ ትልካለች፣ ሌላዋ ትጽፍላታለች። የሚያስለቅስ ነገር የለውም። ኤምባሲም ሆነ ጋዜጠኛ ሲጠይቅ ግን የሚያዝ ነገር እሱ ነበር።

ሕጉስ እንዳትሉኝ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የሥራ ሚኒስቴራቸው የተሻለ ውል አወጣ። የሠራተኛ አስመጪዎቹ ማኅበር ከሰሰ፣ ፍርድ ቤት አገደው። ስለዚህ ሁሉም አልተሳካም። የመጡት ልጆች ግን መጡ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተኛ። የአንዷ ጓደኛዬ እናት ልጃቸው አስፋልት ላይ መተኛቷን ያወቁት ከፌስቡክ ነው። ጎረቤት ስልኩን ይዞላቸው መጣ። እስከዛሬ አይነሣም ያ ነገር እቤታቸው።


ፈጣኑ | ረቡዕ ጠዋት

እህቴ፣ ታሪክሽ ልብ ይነካል። ግን የዚህ ሠፈር ልጆች ድርጅት ይክፈቱ ነው የምትይው? እኔ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነኝ። ስም ጥሩ። ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ ቤቱ ስንት ሮቶ እንደቆመ አሳዩ። እፍረት ብቻ ነው የሚገባቸው።


ጀሪካን ተሸካሚ | ረቡዕ ጠዋት

@ፈጣኑ የኃላፊው ቤት እኛው ሠፈር ነው፣ ከኛ ከፍ ብሎ። እሱም ውኃ የለውም። 😄


ምናገባኝ | ረቡዕ ጠዋት

ይሄ ደግሞ አሪፍ ነው።


የናታንያው | ረቡዕ ረፋድ

ከእስራኤል ነኝ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2015 ሆሎን ውስጥ የወታደር ልብስ የለበሰ የኛ የቤተ እስራኤል ልጅ ከብስክሌቱ ጋር ቆሞ ሳለ አንድ ፖሊስና አንድ የፖሊስ በጎ ፈቃደኛ ደበደቡት። መጀመሪያ ተከሳሹ እሱ ነበር፤ ፖሊስ መታ ተባለ። ከዚያ መንገድ ላይ የተተከለ የጥበቃ ካሜራ ምስል ወጣ። ማን እንደጀመረ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ክሱ ቀረ፣ ፖሊሱ ከሥራ ታገደ። በጥቂት ቀን ውስጥ ወጣቱ ኢየሩሳሌም ላይ፣ ቀጥሎ ሜይ 3 ቴል አቪቭ ራቢን አደባባይ ወጣ። ወላጆቻችን «ዝም በሉ፣ አገሩን አታስቀይሙ» እያሉ ነው ያሳደጉን። ያን ዕለት አንዳንዶቹ አብረውን ወጡ።

ከዚያ በኤሚ ፓልሞር የሚመራ የመንግሥት ኮሚቴ ተቋቋመ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ሪፖርቱን አቀረበ። ፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ዘረኝነትን የሚከታተል ክፍል ተከፈተ። ጥሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ኪርያት ሐይም ላይ አንድ ወጣታችን ከሥራ ሰዓት ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ተገደለ፤ እንደገና መንገድ ዘጋን። ተፈታ የሚል ካለ እኔ አልሰማሁም።

ለእናንተ የሚሆነው ይኼ ነው። የሆሎኑ ቪዲዮ የሠራው ስላልተቆረጠ ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው አለ። ማንም «አቀናብራችሁት ነው» ሊል አልቻለም። ቲክቶክ ላይ የምትለቁት አጭሩ ይሁን፤ ዋናውን ፋይል ግን አታጥፉ። በቴሌግራም ስትላላኩም እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። አለዚያ ይጨመቃል፣ መቼ እንደተቀረጸ የሚናገረውም መረጃ ይጠፋል።


የድሮ ጦማር አንባቢ | ረቡዕ ከሰዓት

ልጆች፣ እኔ ጸጉሬ ሸብቷል፣ ስለዚህ ታገሡኝ።

ዞን 9ን የምታስታውሱ ስንት ናችሁ? በ2004 ዓ.ም. የተሰባሰቡ ወጣቶች ናቸው። ቃሊቲ እስር ቤት ያኔ 8 ዞን ነበረው፤ ከግቢው ውጭ ያለነው ሁላችን ደግሞ 9ኛው ዞን ውስጥ ነን ብለው ነው ስሙን ያወጡት። መፈክራቸው «ስለሚያገባን እንጦምራለን» ነበር። ሥራቸው ምን መሰላችሁ? ሕገ መንግሥቱን ገልጦ «ይሄ አንቀጽ ይከበር» ማለት። እንደዚያ ያሉ ዘመቻዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ያካሂዱ ነበር። ስድብ የለ፣ ድንጋይ የለ። ሚያዝያ 2006 ላይ 6 ጦማርያንና 3 ጋዜጠኞች ታሰሩ፣ በሽብር ተከሰሱ። ግማሾቹ ሐምሌ 2007 ተፈቱ። የቀሩት ከሽብር ክሱ ነፃ የተባሉት ጥቅምት 2008 ነው። አንድ ዓመት ተኩል ማለት ነው።

ይህን የማነሣው ላስፈራራችሁ አይደለም። ሕግ ይዞ መናገር ከእስር ያድናል ብሎ የሚነግራችሁ ካለ ግን አትመኑት። ያኔ የተናገሩት እውነት መሆኑ አልጠቀማቸውም። በኋላ ነው የጠቀማቸው። ከነሱ አንዱ በፍቃዱ ኃይሉ ኋላ «ካርድ» የተባለውን የመብት ድርጅት ከመሠረቱት ውስጥ ነው፤ ያም የሆነው ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ አዋጅ 1185/2012 አለ። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ካሰራጫችሁ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው። ከዚያ ቪዲዮ በኋላ ተከታያችሁ ከ5,000 ያለፈ ይመስለኛል። ስለዚህ አቶ ፈጣኑ «ስንት ሮቶ እንደቆመ አሳዩ» ሲልህ መጀመሪያ ቁጠረው። እነሆ፣ ገና ከጅምሩ ባዶ ሆኖ ተገኘ።


ፈጣኑ | ረቡዕ ከሰዓት

ተቀበልኩ ጋሼ። ግን እርስዎ የሚሉት በመጨረሻ «ዝም በሉ» ነው።


የድሮ ጦማር አንባቢ | ረቡዕ ከሰዓት

አላልኩም። እነሱም ዝም አላሉም።


አወያይ | ረቡዕ ማታ

የውኃውን ጉዳይ ወደ ብሔር ያዞሩ ሁለት አስተያየቶች ተነሥተዋል። ውኃ ያልመጣው ዳገት ስለሆነ ነው ተብሏል። እዚያው እንቆይ።


ቫልቭ ከፋች | ረቡዕ ማታ

አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። የሌላ ከተማ ውኃ አገልግሎት ውስጥ ቴክኒክ ክፍል እሠራለሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ እንጀራዬ ነው።

ከውስጥ ሆኖ ሲታይ ነገሩ እንዲህ ነው። ቪዲዮ ሲዞር ከላይ ስልክ ይደወላል። የደወለው ሰው የሚፈልገው ነገሩ እንዲበርድ ነው። ለማብረድ ፈጣኑ መንገድ ቦቴ ነው። ቦቴ በሊትር ሲታሰብ ከቧንቧ ውኃ በብዙ ይወደዳል። ነዳጁ፣ ሹፌሩ፣ ሁሉም ከዚያችው በጀት ነው የሚወጣው። ማለትም ለቪዲዮው መልስ የተከፈለው ብር ለጥገና ይውል ከነበረው ነው። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። አሠራሩ እንደዚያ ነው የሚገፋችሁ።

ዳገት ላይ ውኃ የማይደርስበት ምክንያት ደግሞ ብዙ ነው። መብራት ሲሄድ የጉድጓዱ ፓምፕ ይቆማል። ጄኔሬተር ካለ ነዳጅ የለም። ፓምፑ ቆሞ ሲነሣ ማጠራቀሚያው እስኪሞላ ሰዓታት ይፈጃል፤ እስኪሞላ ድረስ ግፊት የለም፣ ያለውን የታችኛው ሠፈር ይጠጣዋል። የእናንተ ፈረቃ በዚያ ላይ ከወደቀ አለፋችሁ ማለት ነው፤ ማንም አይተካላችሁም። ከዚያ የተሰበረ መስመር አለ፣ መሬት ውስጥ የሚፈስ። በመጨረሻ ደግሞ ቫልቩን፣ ማለትም ውኃውን ወደየሠፈሩ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን፣ የሚያዞረው ሰው አለ። እሱ ላይ ሁሉም ይደውላል። ሆቴል ይደውላል፣ ሠርግ ያለበት ይደውላል፣ አለቃ ይደውላል። እናንተ ስልኩ የላችሁም።

እንግዲህ አንድ ሰው ቢሯችን መጥቶ «ውኃ የለም» ሲል እኛ «መብራት ስላልነበረ ነው» እንላለን። አለቀ፣ ይሄዳል። አንዴ ግን አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ደብተር ይዘው መጡ። ውኃ የመጣበት ቀን፣ የጀመረበት ሰዓት፣ የቆመበት ሰዓት፣ ያን ቀን መብራት ነበረ አልነበረም፣ ሁሉ ተጽፏል። «መብራት በነበረባቸው ቀናትም ፈረቃችን ተዘሏል፣ እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ ጋ» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኛ እንደዚያ ያለ መዝገብ አልነበረንም! በዚያው ሳምንት ቫልቩ ላይ ሌላ ሰው ተመደበ።

ቲክቶካችሁ መጥፎ አይደለም። ግን በሩ ሲከፈትላችሁ ይዛችሁ የምትገቡት ነገር የላችሁም።


የቤይሩቷ | ረቡዕ ማታ

ይኸው! እኔ ዝርዝር ያልኩት።


አንቀጽ 12 | ሐሙስ ጠዋት

ቫልቭ ከፋች ላለው ሕግ ልጨምርበት። አዋጅ 590/2000 በመንግሥት ተቋም እጅ ያለ መረጃ የመጠየቅ መብት ለማንኛውም ሰው ይሰጣል። ጋዜጠኛ መሆን አይጠበቅባችሁም። ተቋሙ በመደበኛው በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ካልሰጠ ወይም ከከለከለ ለተቋሙ የበላይ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል።

«ውኃ ለምን አይመጣም» ብላችሁ አትጻፉ። ለእሱ መልሱ አንድ ገጽ ማሳበቢያ ነው። ያለ ሰነድ ጠይቁ። የጸደቀውን የፈረቃ ፕሮግራም ቅጂ። ፓምፑ የሠራበትን ሰዓት የሚመዘግበው ደብተር ቅጂ። ለእናንተ መስመር ጥገና የተያዘውንና የወጣውን በጀት። ሦስት ነገር፣ አንድ ገጽ። በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፣ መዝገብ ቤት አስገቡና የራሳችሁ ቅጂ ላይ ማኅተምና የመዝገብ ቁጥር አስመቱ። ቁጥሩ ከሌለ ደብዳቤው የለም።

ከዚያ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ፎቶ አንሥታችሁ ቻናላችሁ ላይ ለጥፉት። «ዛሬ ይህን ጠይቀናል» ከማለት ውጭ አንዲት ቃል አትጨምሩ። ይሄ ሐሰተኛ መረጃ ሊባል የማይችል ፖስት ነው።


ፈጣኑ | ሐሙስ ጠዋት

30 ቀን ያለ ውኃ ደብዳቤ እየጠበቁ? ሰው እኮ አይታጠብም!


አንቀጽ 12 | ሐሙስ ጠዋት

ቪዲዮው ከተለቀቀ ስንት ሆነው?


ኢስሊ ነኝ | ሐሙስ ምሳ ሰዓት

ናይሮቢ ነው የምኖረው። @ፈጣኑ እና @አንቀጽ 12 ሁለታችሁም ልክ ናችሁ የሚያሰኝ ነገር እዚህ አይቻለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2024 የኬንያ መንግሥት ዳቦ ላይ ሳይቀር ቀረጥ የሚጨምር የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ወጣቱ መጀመሪያ ያደረገው ረቂቁን ማንበብ ነው። ቲክቶክ ላይ ልጆቹ አንቀጽ በአንቀጽ በስዋሂሊ፣ በየብሔረሰቡ ቋንቋ ያስረዱ ነበር። የምልክት ቋንቋ የተጠቀሙም ነበሩ። የምክር ቤት አባላትን ስልክ ቁጥር በተኑት፤ አባላቱ የመልእክት ጎርፍ ወረደባቸው። ሰኔ ላይ ሰልፉ ፓርላማ ደጃፍ ደረሰ፣ ውስጥም ተገባ። በማግስቱ ፕሬዚዳንት ሩቶ ረቂቁን አልፈርምም አሉ።

ዋጋውን ግን አትርሱ። ብዙ ልጆች በጥይት ሞቱ፣ የታፈኑም አሉ። እዚህ ሠፈራችን «ቲክቶክ ሕግ አስቀረ» ብሎ የሚያወራ አለ። ቲክቶክ ብቻውን ምንም አላስቀረም።

ኪቤራ የምትባለው የናይሮቢ የድሆች ሠፈር ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። ያን የሚያህል ሰው የሚኖርበት ሠፈር ካርታ ላይ ባዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የራሷ ወጣቶች ጂፒኤስ ይዘው መንደር ለመንደር ዞሩና የውኃ ቦኖውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ክሊኒኩን፣ ትምህርት ቤቱን ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ፣ ማንም ገብቶ ሊሞላው በሚችለው የኢንተርኔት ካርታ፣ አሰፈሩት። በኋላ የራሳቸውን የቪዲዮ ዜናም ጀመሩ። መጀመሪያ ካርታው፣ ከዚያ ቪዲዮው። ኦፕን ስትሪት ማፕ ነፃ ነው፤ የናንተንም ዳገት ገብታችሁ እዩት፣ የቦኖ ምልክት አታገኙበትም ብዬ እወራረዳለሁ።


የእድር ጸሐፊ | ሐሙስ ማታ

ልጆቼ፣ ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። እናንተ ስለ ቻናል ስታወሩ እኔ ስለ ጥሩንባ ልናገር።

በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ፌስቡክም፣ ቴሌግራምም፣ ቲክቶክም፣ ዩቲዩብም ተዘጋ። የወጣቱ ወሬ ሁሉ ቪፒኤን ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ዳታ ጭራሽ ጠፋ፣ ለወራት። የሠፈራችን ልጆች ጥሩ ቻናል ነበራቸው። የጠፋ ሰው ያፈላልጋል፣ የመድኃኒት ያለህ ይላል። በአንድ ጀምበር ጭጭ አለ። ሰው የተለያየው ስልክ ቁጥር እንኳ ሳይለዋወጥ ነው፤ ሁሉም በቅጽል ስም ነበር የሚተዋወቀው።

እድር ግን ስም ዝርዝር አለው። ቤት ቁጥር አለው። በወር አንድ ቀን ሰው ይሰበሰባል፣ የቀረ ይቀጣል። ጥሩንባ ነፊው ዳታ አይፈልግም። እናንተ ዳገት ላይ ያላችሁት ልጆች፣ ይህን መዝገብ በእድር በኩል አስይዙት። ደብዳቤው ላይም የእድሩ ማኅተም ይረፍበት። ቀበሌ አንዲትን ሴት ጠርቶ ይቆጣል። መላውን እድር ጠርቶ ግን አይቆጣም፤ የቀበሌው ጸሐፊ አባትም በዚሁ እድር ይቀበራሉና።


ምናገባኝ | ሐሙስ ማታ

ጋሼ 😂 የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ዱቄት አደረጓት።


ድምፅ ብቻ | ሐሙስ ማታ

ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶችስ? ሁሉም ፖስት ስለ ቲክቶክ ነው። ሕንድ ውስጥ፣ ቻቲስጋር የሚባል ክልል፣ ሹብራንሹ ቾድሪ የተባለ ጋዜጠኛና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2010 «ሲጂኔት ስዋራ» የሚባል ነገር ጀመሩ። በተራ ስልክ ነው የሚሠራው። ሚስድ ኮል ታደርጋለህ፣ መልሶ ይደውልልሃል፣ ችግርህን በራስህ ቋንቋ ትናገራለህ። ጎንዲ በሚባለው ቋንቋ ጭምር፤ ዜና በማይሰማበት ቋንቋ። የሚያጣሩ ሰዎች አጣርተው ይለቁታል፣ ሌላው ደውሎ ያዳምጠዋል። ሰው ችግሩን ሲናገር የሚመለከተውን ሹም ስልክ ቁጥርም አብሮ ይናገራል፤ አድማጮች ይደውሉለታል።

እኛም እኮ 8028 አለን፣ ገበሬው ደውሎ ስለ ማዳበሪያና ስለ ዘር የሚሰማበት። ስለዚህ አሠራሩ ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ 8028 ላይ ገበሬው በብዛት አዳማጭ ነው።

ለአንድ ሠፈር ሰርቨር አያስፈልግም። አንድ ስልክ፣ አንድ ተረኛ ልጅ። «ውኃ መጣ» ብለው ሚስድ ኮል ያድርጉለት፣ ሰዓቱን ስልኩ ራሱ ይመዘግበዋል።


ልጇ ነኝ | ዓርብ፣ ሌሊት

ይህን ክር ጓደኛዬ ናት የላከችልኝ። ቪዲዮው ላይ ያለችው እናቴ ናት። እኔ ጂዳ ነው የምሠራው።

@ጀሪካን ተሸካሚ ማን እንደሆንክ አውቄያለሁ፣ አብረን ነው ያደግነው። ስምህን አልጽፍም።

እናቴ ቪዲዮው አልከፋትም። በፈቃዷ ነው የተናገረችው፣ ጎረቤት ሲመጣ እስካሁን እያስከፈተች ታሳያለች። ቀበሌ ስትጠራ ግን ብቻዋን ነው የሄደችው። ከናንተ አንድ ሰው እንኳ አብሯት ቢቀመጥ ምን ነበር? «ልጆቹ ሥራ ይዘው ነው» ትላለች፣ ለናንተ ተሟግታ። እኔ ግን ተናድጃለሁ።

ሌላው። ዴንቨር ያለ አንድ ደግ ሰው ቪዲዮውን አይቶ ብር ላከላት። ሮቶ ተገዛላት። አሁን ግቢያችን ውስጥ ትልቅ ጥቁር ሮቶ ቆሟል። ባዶ ነው። ቧንቧው ካልመጣ በምን ይሞላል? ጎረቤት ደግሞ «በኛ ስም ለምና ሮቶ አቆመች» እያለ ነው። ከማን ጋር ቡና እንደምትጠጣ እንኳ ግራ ገብቷታል።

አታልቅሱላት። መስመሩን ጠይቁላት።


ጀሪካን ተሸካሚ | ዓርብ ጠዋት

እህቴ፣ ይድረስሽ። ዛሬ ጠዋት እቤታችሁ ሄደን ነበር፤ ስለ ሮቶውም ከጎረቤት ጋር የእድሩ ሰብሳቢ ቅዳሜ ያነጋግራሉ። ከአሁን በኋላ ቀበሌ ማንንም ቢጠራ ሦስታችን አብረን እንገባለን፤ ተራ አውጥተናል።

ለሌሎቻችሁ፦ ትናንት ማታ ተሰብስበን ነበር። የቫልቭ ከፋችን ደብተር ሐሳብ ወሰድነው። ሁሉም ቤት ግድግዳው ላይ የዘመን መቁጠሪያ አለ አይደል፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሸጠው ወይም ባንክ የሚያድለው? ውኃ ሲመጣ ቀኑ ላይ ሰዓቱን በእስክሪብቶ ይጽፋሉ። መብራት ካልነበረ «መ» ብለው ያከቡበታል። እሑድ እሑድ እየዞርን ፎቶ እናነሣለን። ማንበብ የማይችሉት ቤት ልጆቻቸው ይጽፋሉ። ሚስድ ኮሏንም ለአንድ ቁጥር ከፍተናል። ፈጣኑ ወገን የነበሩት ልጆች ስልኩን ለመጠበቅ ፈቃደኛ ሆነዋል፤ ሌሊት አይተኙም መቼስ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶናል። ደብዳቤውን አሁኑኑ እናስገባ ወይስ መዝገቡ ወር እስኪሞላው እንጠብቅ?


አንቀጽ 12 | ዓርብ ጠዋት

አሁኑኑ። 30 ቀኑ ይቁጠር። መልሱ ሲመጣ የናንተም መዝገብ ይደርሳል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ታደርጋላችሁ።


ቫልቭ ከፋች | ዓርብ ከሰዓት

የጀመረበትን ሰዓት ብቻ ሳይሆን የቆመበትንም። አለዚያ አሥር ደቂቃ የመጣውም እንደ ፈረቃ ይቆጠርባችኋል። እኛ እንደዚያ ነው የምንቆጥረው።


ፈጣኑ | ዓርብ ማታ

እሺ እሺ። ግን ቪዲዮውንም አትተዉት። የዘመን መቁጠሪያዎቹን በተርታ አድርጋችሁ ቅረጹ፣ የሰው ፊት አያስፈልገውም። እኔ ኤዲት አደርግላችኋለሁ፣ በነፃ።


ከወደ ጅማ | ቅዳሜ ጠዋት

እኛ ጋ ችግሩ ውኃ ሳይሆን መብራት ነው። ይሄው አሠራር ይሆናል? ይሆናል ካላችሁ የዘመን መቁጠሪያው ላይ የምትጽፉበትን አኳኋን አንድ ፎቶ ላኩልን።


ጀሪካን ተሸካሚ | ቅዳሜ ከሰዓት

ይሆናል። ለመብራት የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት ጻፉ፤ የትኛው ትራንስፎርመር ላይ እንዳላችሁም አብራችሁ መዝግቡ፣ ምሰሶው ላይ ቁጥር ካለው እሱን። ፎቶው ነገ ይላካል፤ እሑድ ነው የምንዞረው።